ኢኮኖሚክስ ተመርቄ ማን ነው የሚቀጥረኝ?

የዛሬዋ ጠያቂያችን ስሟ እንዲወጣ ስላልፈለገች «ግራ ገብቶኛል» ብላ ነው የጻፈችው፣ ደብዳቤዋ ረዘም ስለሚል ቆንጠር ቆንጠር አድርጌ አቀርበዋለሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በኢኮኖሚክስ ከተመረቅኩ ዓመት አልፎኛል። ስንት ቦታ እንዳመለከትኩ ራሱ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል፣ ለኢንተርቪው የጠሩኝ ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ እነሱም እንደውላለን ብለው በዛው ቀሩ። ኢኮኖሚስት ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ ብዙም አይወጣም፣ ሲወጣም ልምድ ይላል። አካውንቲንግ የተማሩት ጓደኞቼ ስራ ይዘዋል፣ ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ያኔውኑ ነግሬሽ ነበር እያለ ያበግነኛል። ዝም ብዬ እንዳልቀመጥ ብዬ ኦንላይን ሰርተፍኬት በሰርተፍኬት ሆኛለሁ፣ አንዱም ጠብ አላለልኝም። ማስተርስ ልቀጥል ወይስ ኮዲንግ ልማር ወይስ ጭራሽ ሞያ ልቀይር? ደሞ ግሬዴ መካከለኛ ነው፣ ሲቪ ላይ ልጻፈው ወይስ ልተወው? እባክዎን ሳያባብሉኝ እውነቱን ይንገሩኝ።»

እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ሳያባብሉ ስላልሽ እንደዛው ነው የምጽፍልሽ። ኢኮኖሚክስ መማርሽ ምንም አልበደለሽም። እኔን የገረመኝ፣ ሲግናሊንግ፣ ኦፖርቹኒቲ ኮስት፣ ኢንፎርሜሽን አሲሜትሪ ምናምን ክላስ ቁጭ ብለሽ ተምረሽ፣ ፈተና ላይ ጽፈሽ አልፈሽበት፣ ከዛ ራስሽ የስራ ገበያ ውስጥ ሻጭ ሆነሽ ስትቆሚ አንዱም ትዝ አላለሽም። ስለዚ ዛሬ አዲስ ነገር አልነግርሽም፣ ያንቺኑ ደብተር ገልጬ ነው የማነብልሽ።

መጀመሪያ ስለ ማስታወቂያው። አካውንቲንግ የተማረ ሰው «አካውንታንት» ብሎ ይፈልጋል፣ ያገኛል፣ ለምን ብትይ ማንኛውም ድርጅት ትንሽም ይሁን ትልቅ ሂሳቡን መዝጋት አለበት፣ ግብር ማሳወቅ አለበት፣ ህግ ነው የሚያስገድደው፣ ስለዚ ለዛ ሰው ወንበሩም ስሙም ቀድሞ ተዘጋጅቶለታል። ኢኮኖሚስት ቅጠር ብሎ የሚያስገድድ ህግ ግን የለም። «ኢኮኖሚስት» የሚለው መጠሪያ በብዛት ያለው ማዕከላዊ ባንክ፣ ገንዘብ ሚኒስቴር፣ የምርምር ተቋም፣ እንደ ዓለም ባንክና አይኤምኤፍ ያሉ ቦታዎች ነው፣ እዛ ደሞ በዛ ስም ለመግባት አብዛኛውን ጊዜ ማስተርስ ወይ ፒኤችዲ ነው የሚጠይቁት። በመጀመሪያ ዲግሪ የሚገባበት ስራ ሌላ ስም ይዞ ነው የሚወጣው። ባንክ ጋር ክሬዲት አናሊስት ይሉታል፣ ተበዳሪው ብድሩን ከምን ገቢ እንደሚመልስ አገላብጦ የሚያይ ሰው ነው፤ የልማት ድርጅት ጋር ሞኒተሪንግ ኤንድ ኢቫሉዌሽን ነው፣ ፕሮጀክቱ እውነት ለውጥ አምጥቷል ወይስ ወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚለውን በዳታ የሚከታተል፤ አምርቶ የሚሸጥ ድርጅት ጋር ፕራይሲንግ ወይ ዲማንድ ፕላኒንግ ይባላል፣ ዋጋ መተመን ወይ ምን ያህል እንደሚሸጥ ቀድሞ መገመት ነው፤ ቴክ ካምፓኒ ጋር ዳታ አናሊስት ወይ ፕሮዳክት አናሊስት ነው፣ እነሱ ኤ ቢ ቴስት የሚሉት ነገር ደሞ ያው አንቺ ራንደማይዝድ ኤክስፐርመንት ብለሽ የተማርሽው ነው፣ ተጠቃሚውን በእጣ ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ አዲሱን ለሌላው የድሮውን አሳይቶ ልዩነቱን መለካት። ኢኮኖሜትሪክስ (የኢኮኖሚ ዳታን በስታትስቲክስ መመርመር) ወስዶ ስታንዳርድ ኤረር (የተገመተ ቁጥር ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል የሚለካው) ምን እንደሆነ የገባው ሰው እዛ ቦታ ላይ ከሌላው ቀድሞ ነው የሚጀምረው። የኢኮኖሚክስ ሰው ካምፓኒ ውስጥ ምን ይሰራል የሚልሽ ካለ፣ በማይክሮ ኢኮኖሚክስ መማሪያ መጽሀፎቹ የሚታወቀው ሃል ቫሪያን እ.ኤ.አ. በ2002 ከጉግል ጋር መስራት ጀምሮ የነካው የመጀመሪያ ነገር የማስታወቂያ ጨረታውን ነው በይው፣ ሰርች ስታደርጊ ከላይ የምትመጣው ማስታወቂያ ቦታዋን የምታገኘው በጨረታ ነው እኮ።

እና ከዛሬ ጀምሮ ፍለጋሽን በዲግሪሽ ስም ሳይሆን በስራው አርጊው። ማስታወቂያውን ስታነቢ «ኢኮኖሚክስ ይላል ወይ» ብለሽ አትለፊው፣ ውስጡ የተዘረዘረውን ስራ አንብቢ፣ «ዳታ ይሰበስባል፣ ሪፖርት ያዘጋጃል፣ ትሬንድ ይተነትናል፣ ትንበያ ይሰራል» ካለ ያንቺ ነው፣ ምንም ይሁን ርእሱ። «ልምድ 1 ዓመት» የሚለውም ላይ ቶሎ አትሽሺ፣ ብዙ ቦታ ምኞት ነው፣ 5 ዓመት ካለ ግን ተይው ጊዜሽን አትፍጂ።

አሁን ስለ ሰርተፍኬቶቹ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም የደብዳቤሽ ዋናው ህመም እሱ ይመስለኛል። ኢኮኖሚስቱ ማይክል ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ስራ ገበያ ሲግናሊንግ የጻፈውን ታስታውሺዋለሽ፣ በ2001 ከአኬርሎፍና ከስቲግሊትዝ ጋር ኖቤል የተሸለመበት ሀሳብ ነው። ቀጣሪ አንቺን ከመቅጠሩ በፊት ጎበዝ መሆንሽን ማየት አይችልም፣ ስለዚ ከውጪ የሚታይ ምልክት ይፈልጋል፣ ምልክቱ ግን የሚሰራው ላልቻለው ሰው ከሚችለው ሰው ይልቅ ሲከብደው ብቻ ነው። ሁሉም ሰው እኩል በቀላሉ የሚያገኘው ምልክት ማንንም ከማንም አይለይም። አሁን ሰርተፍኬቶችሽን በዚህ መዝኛቸው። ቪዲዮውን በድርብ ፍጥነት ታጫውቺዋለሽ፣ ኲዙን ከወደቅሽ እንደገና ትሞክሪዋለሽ፣ እስክታልፊ ድረስ ማንም አያስቆምሽም፣ መጨረሻ ላይ ስምሽ ያለበት ፒዲኤፍ ይመጣል። ጎረቤትሽም ያው ፒዲኤፍ አለው። ቀጣሪው አይቶ እንዳላየ ቢያልፈው ራሽናል ሆኖ ነው፣ አንቺም ብትሆኚ እሱኑ ነበር የምታደርጊው። ኮርሶቹ ምንም አያስተምሩም እያልኩሽ አይደለም፣ እውቀቱን ያዢው፣ ወረቀቱን ግን ሲቪ ላይ እንደ ሜዳሊያ አትደርድሪው፣ ከሶስት በላይ ሲሆን እንደውም ይህቺ ልጅ ስራ ፈታለች ነው የሚያስብለው።

ታዲያ የሚከብደው ምልክት ምንድነው? የተጨረሰ ስራ ነው። ሁለት ገጽ፣ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ወይ ሁለት ቻርት፣ ከስሩ ዳታው ከየት እንደመጣና ምን እንደተደረገበት የሚያሳይ ፋይል። በቃ። ይሄ ቀላል ይመስላል እንጂ አስር ሰው ጀምሮ ስንቱ እንደሚጨርሰው ብታዪ ትገረሚ ነበር፣ ለዛ ነው ዋጋ ያለው።

ምን አይነት ስራ ካልሽኝ አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው ልውሰድልሽ። ዓለም ባንክ በየወሩ የሸቀጦችን ዋጋ የሚያወጣበት ሰንጠረዥ አለ፣ ፒንክ ሺት ይባላል፣ በነጻ ነው፣ ከ1960 ጀምሮ በየወሩ የነዳጅ፣ የቡና፣ የስንዴ፣ የማዳበሪያ፣ የብረት ዋጋ አለበት። ከዛ ውስጥ ሁለት ኮለም ብቻ ውሰጂ፣ የአውሮፓ የተፈጥሮ ጋዝና ዩሪያ። ለምን እነዚህን? ዩሪያ የሚሰራው ከአሞንያ ነው፣ አሞንያው ደግሞ በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው የሚመጣው፣ ስለዚ ጋዝ ሲወደድ ዩሪያ መከተል አለበት ብለሽ ትጠብቂያለሽ። ጥያቄሽ «ስንት ወር ቆይቶ ይከተላል?» ይሁን። ይሄ የክፍል ስራ አይደለም፣ ማዳበሪያ የሚያስመጣ ሰው ይፈልገዋል፣ ለገበሬ የሚያበድር ባንክ ይፈልገዋል፣ የምግብ ዋስትና ላይ የሚሰራ ድርጅት ይፈልገዋል።

ፋይሉን ስትከፍቺው መጀመሪያ የምትመቺው ቀኑ ነው። ወሩ «1960ኤም01» በሚመስል አጻጻፍ ነው የገባው፣ ኤክሴል ደሞ ያንን ቀን ብሎ አያውቀውም፣ ተራ ጽሁፍ ነው የሚመስለው፣ ስለዚ ዓመቱንና ወሩን ቆርጠሽ አውጥተሽ ወደ ቀን መቀየር አለብሽ። ቀጥሎ ሁለቱን ዋጋዎች እንዳሉ አስቀምጠሽ ኮሪሌሽን፣ ማለትም ምን ያህል አብረው እንደሚንቀሳቀሱ የሚለካውን፣ ብትሰሪ ከፍ ያለ ቁጥር ይመጣልሽና ደስ ይልሻል፣ አትደሰቺ፣ በጊዜ ሂደት አብረው የሚያድጉ ነገሮች ምንም ባይገናኙም የተገናኙ ይመስላሉ፣ ግሬንጀርና ኒውቦልድ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1974 ያስጠነቀቁት ስፑሪየስ ሪግረሽን ይሄው ነው። ስለዚ ከወር ወደ ወር ያለውን የፐርሰንት ለውጥ ነው የምታነጻጽሪው። ከዛ የጋዙን ለውጥ ከዚያው ወር ዩሪያ ጋር፣ ከቀጣዩ ወር ጋር፣ ከሶስተኛው ወር ጋር እያረግሽ ታያለሽ። መጨረሻ ላይ በጣም የምወደው ክፍል አለ፣ «ይሄ ቁጥር የማይነግረን ነገር» የሚል አንድ አንቀጽ። ለምሳሌ ቻይና በ2021 መጨረሻ አካባቢ ማዳበሪያ ወደ ውጪ እንዳይወጣ አጥብቃ ነበር፣ በየካቲት 2022 ደሞ የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት መጣ (ሁሉም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)፣ ሁለቱም ዋጋውን ነክተውታል፣ እና ያንቺ ሁለት ኮለም ይሄን ለብቻው ለይቶ አያሳይም። ያንን አንቀጽ ያነበበ ቀጣሪ ይህቺ ልጅ ቁጥር እንዳየች የምትሮጥ አይደለችም ይላል፣ እመኚኝ።

አንቺ የግድ ማዳበሪያ ላይ አትስሪ፣ ልትገቢበት የምትፈልጊውን መስሪያ ቤት የሚያሳስበውን ጥያቄ ምረጪ። ንግድ ከሆነ የተባበሩት መንግስታት ኮምትሬድ የሚባለው የንግድ ዳታ አለ፣ ስራና ደሞዝ ከሆነ አይኤልኦስታት አለ፣ እርሻ ከሆነ ፋኦስታት፣ የአሜሪካ ኢኮኖሚ ከሆነ የሴንት ሉዊስ ፌደራል ሪዘርቭ ፍሬድ የሚለው ማለቂያ የሌለው የዳታ ጎተራ አለው። ሁሉም ነጻ ናቸው፣ የሚያስፈልግሽ ኢንተርኔትና ትግስት ነው።

ኮዲንግ ልማር ወይ ላልሽው። ተማሪ፣ ግን በቅደም ተከተል። መጀመሪያ ኤክሴልን አጥብቂው፣ እና «ኤክሴል እችላለሁ» ማለት ሰንጠረዥ ቀለም መቀባት አይደለም፣ ፒቮት ቴብል፣ ሱም ኢፍስ፣ ሉካፕ (ከአንዱ ዝርዝር ስም ይዞ ከሌላው ዝርዝር ተዛማጁን የሚያመጣው ፎርሙላ)፣ ቆሻሻ ዳታ ማጽዳት ማለት ነው። ብዙ ቦታ የቅጥር ፈተና ላይ ሁለት ዝርዝር ይሰጡሽና አገናኚው ይሉሻል፣ በአንዱ ላይ «ሳውዝ ኮሪያ» ይላል በሌላው «ኮሪያ ኮማ ሪፕ» (ሪፐብሊክ ለማለት) ይላል፣ ዓለም ባንክ እንደዛ ነው የሚጽፋት፣ ኢጅፕትንም «ኢጅፕት ኮማ አረብ ሪፕ» ነው የሚለው፣ ሉካፕሽ ባዶ ይመለሳል፣ እዛ ላይ ተደናግጠሽ አንድ በአንድ በእጅ ማስተካከል ትጀምሪያለሽ ወይስ በሶስት ፊደሉ የሀገር ኮድ ነው የማገናኘው ትያለሽ፣ ፈተናው እሱ ነው። ቀጥሎ ኤስኪውኤል፣ ከዳታቤዝ ውስጥ ዳታ የሚጠየቅበት ቋንቋ ነው፣ ምክንያቱም ትልልቅ ድርጅቶች ዳታቸውን ዳታቤዝ ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት፣ መሰረታዊው ደሞ ከባድ አይደለም፣ ሰሌክት፣ ዌር፣ ግሩፕ ባይ፣ ጆይን ካወቅሽ ብዙ ርቀት ይወስድሻል። ከዛ በኋላ ዳታ ከሚተነተንባቸው ከስታታ፣ ከአር፣ ከፓይተን አንዱን። አር እና ፓይተን ነጻ ናቸው፣ ስታታ ይከፈልበታል፣ የምርምርና የልማት ድርጅቶች አካባቢ ግን አሁንም በጣም ይወደዳል፣ ስለዚ የምታመለክችበትን ቦታ አይተሽ ምረጪ፣ ሶስቱንም በአንዴ አትጀምሪ።

ቻትጂፒቲ ኮዱን ይጽፍልኝ የለ ምን አለፋኝ ልትይ ትችያለሽ፣ ይጽፍልሻል፣ አንዳንዴም አሳምሮ ተሳስቶ ይጽፍልሻል፣ ውጤቱ ስህተት መሆኑን ማን ያያል ነው ጥያቄው። በነገራችን ላይ ኤክሴልን ለሚንቁ ሁሌ የምነግራቸው ታሪክ አለ። ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ የሚባሉ ስመ ጥር ኢኮኖሚስቶች በ2010 ባወጡት ጽሁፍ የመንግስት እዳቸው ከጠቅላላ ምርታቸው 90 ፐርሰንት ያለፈ ያደጉ ሀገራት አማካይ እድገታቸው ከዜሮ በታች 0.1 ፐርሰንት ነው አሉ፣ ቁጥሩን ፖለቲከኛ ሁሉ ተቀባበለው። በ2013 ቶማስ ኸርንደን የሚባል የማሳቹሴትስ አምኸርስት ተማሪ ለክላስ ስራ ያንን ጽሁፍ ደግሞ ሊሰራው ሞክሮ እምቢ አለው፣ ቢሰራው ቢሰራው ያው ቁጥር አይመጣም፣ መጨረሻ ላይ ባለቤቶቹን ፋይሉን ላኩልኝ አላቸው፣ ላኩለት፣ ከፍቶ ቢያይ አማካዩን የሚያሰላው ፎርሙላ ከረድፍ 30 እስከ 49 መሄድ ሲገባው 44 ላይ ቆሟል፣ አምስት ሀገር ቀርቷል። ይሄ ብቻ አይደለም፣ የተዘለሉ ዓመታትም ነበሩ፣ ሀገራቱን የመዘኑበት መንገድም አጠያያቂ ነበር፣ እንደውም ትልቁን ልዩነት ያመጡት እነዚህ ናቸው፣ ሁሉም ሲስተካከል እድገቱ 2.2 ፐርሰንት ሆነ። ባለቤቶቹ የፎርሙላውን ስህተት አምነዋል፣ የቀረውን ተከራክረውበታል። ልጁ የተለየ ሶፍትዌር አልነበረውም፣ ቁጥሩን ዝም ብሎ አለመቀበሉና ሴሉን ክሊክ ማድረጉ ነው። እንደዚህ አይነት ሰው ማንኛውም መስሪያ ቤት ይፈልጋል፣ አንቺም ለሁለት ገጽሽ ርእስ ካጣሽ የታወቀ ጽሁፍ ወስደሽ ቁጥሩን ደግመሽ ስሪው፣ በጣም ጥሩ ፕሮጀክት ነው።

ኢንተርቪው ላይ እንደውላለን ብለው የቀሩት ነገር ደሞ አሳስቦኛል፣ ምክንያቱም ከተጠራሽ በኋላ ሲቪሽ ስራውን ሰርቷል ማለት ነው፣ የቀረው አፍሽ ነው። የኢኮኖሚክስ ልጆች ላይ ደጋግሜ የማየው ችግር መልሳቸውን በቴክኒክ ቃል ዘግተው ዝም ማለታቸው ነው። «ዋጋ 10 ፐርሰንት ብንጨምር ሽያጭ በ6 ፐርሰንት ይወርዳል፣ ምን ትመክሪናለሽ?» ብለው ቢጠይቁሽ ምን ትያለሽ? አብዛኛው «ዲማንዱ ኢንኤላስቲክ ነው»፣ ማለትም ሽያጩ የሚቀንሰው ዋጋው ከጨመረው ባነሰ ነው፣ ብሎ ፈገግ ይላል። ትክክል ነው፣ ግን የሽያጭ ሀላፊው ያንን ይዞ ምን ያድርግ? እንዲህ በይ፦ ገቢያችሁ ይጨምራል፣ 1.10 በ0.94 ሲባዛ 1.034 ነው፣ ወደ 3.4 ፐርሰንት ማለት ነው፣ በዛ ላይ የምታመርቱት ስለሚቀንስ ወጪም ትንሽ ይቀንሳል፣ ስለዚ ትርፉ ከዛ በላይ ሊሻሻል ይችላል። ግን 6 ፐርሰንቱ የአጭር ጊዜ ነው ወይ፣ ደንበኛ ወደ ሌላ ለመሄድ ጊዜ ይፈልጋል፣ ተፎካካሪያችሁ ዋጋውን ካልጨመረ ከስድስት ወር በኋላ ቁጥሩ 6 ላይ አይቆይም፣ ስለዚ መጀመሪያ በአንድ አካባቢ ወይ በአንድ ምርት ብትሞክሩት ይሻላል። አየሽ ልዩነቱን? ያው ኤላስቲሲቲ ነው፣ ግን አሁን ሰውየው ነገ ጠዋት የሚሰራው ነገር አለው።

ትንሽ የምትመስል ግን ሰው የምትጥል ሌላ ነገር አለች፣ ፐርሰንትና ፐርሰንቴጅ ፖይንት። ስራ አጥነት ከ8 ወደ 10 ፐርሰንት ከሄደ በ2 ፐርሰንት ጨመረ ካልሽ፣ ጠያቂው የገባው ሰው ከሆነ በልቡ አንቺን ሰርዞሻል፣ የጨመረው በ2 ፐርሰንቴጅ ፖይንት ነው፣ በፐርሰንት ከሆነ 25 ነው። ቻርትሽም ላይ፣ ሪፖርትሽም ላይ፣ አፍሽም ላይ ይቺን ጠብቂ።

ሲቪውን ደግሞ እስቲ አሁን ክፈቺውና «ጥሩ የአናሊቲካልና የኮሚዩኒኬሽን ችሎታ፣ በጫና ውስጥ መስራት የምችል» የሚል መስመር ካለ አጥፊው፣ ሁሉም ሰው ሲቪ ላይ አለ፣ ማንም አያነበውም። በሱ ፈንታ የሰራሽውን ጻፊ። «ለመመረቂያ ጽሁፌ መጠይቅ አዘጋጅቼ ከ150 ቤተሰብ ዳታ ሰበሰብኩ፣ የጎደሉትንና የተጋጩትን መልሶች ለይቼ አጸዳሁ፣ በስታታ ሎጂት ሞዴል ሰርቼ ብድር ማግኘትን የሚወስኑትን ነገሮች ለየሁ» የሚል አንድ አረፍተ ነገር ካስቀመጥሽ፣ ቁጥሩን በራስሽ ተክተሽ ማለቴ ነው፣ የሞኒተሪንግ ክፍል ሀላፊ አይኑ እዛ ላይ ይቆማል፣ ምክንያቱም እሱ በየቀኑ የሚሰቃይበት ስራ እሱ ነው። መመረቂያ ጽሁፋችሁን ለምን እንደምትደብቁት አይገባኝም፣ የመጀመሪያ የስራ ልምዳችሁ እኮ ነው። ያንን ሁለት ገጽ ስራም ሊንኩን ከስምሽ ስር አድርጊው።

አሁን ሰው ስለማወቅ። ዘመድ ከሌለሽ አይሆንም የሚሉሽ ይኖራሉ፣ ግማሽ እውነት አላቸው። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል ሶሲዮሎጂስት በ1973 ባወጣው ስራ በሰው በኩል ስራ ያገኙትን ያገናኛችሁን ሰው ምን ያህል ትገናኙት ነበር ብሎ ቢጠይቃቸው፣ አዘውትረን እንገናኛለን ያሉት ከ17 ፐርሰንት አይበልጡም፣ የቀረው ሁሉ አልፎ አልፎ ወይ ከስንት አንዴ የሚያገኘው ሰው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ የቅርብ ጓደኛሽ የምታውቂውን ነው የሚያውቀው፣ አንድ ባች ናችሁ፣ ያው ማስታወቂያ ነው የምትቀባበሉት፣ ከአንቺ ሁለት ዓመት ቀድማ የተመረቀችውና ስሟን ብቻ የምታውቂያት ልጅ ግን አንቺ የማትደርሺበት ቢሮ ነው የምትውለው። ስለዚ ለሷ ጻፊላት፣ ግን «እህቴ ስራ ካለ አስቢኝ» ብለሽ አይደለም፣ ያ መልእክት ሰውን ያስጨንቀዋል፣ ምን ብላ ትመልስልሽ? «የክሬዲት ክፍል እንደምትሰሪ አየሁ፣ አዲስ ገቢ የመጀመሪያ ወር ላይ ምን ያስቸግረዋል? እኔ አሁን ይሄን ሰርቻለሁ፣ ምን ይጎድለዋል ትያለሽ?» በያትና ሁለት ገጽሽን አያይዢላት። ለዚህ መልስ መስጠት ቀላል ነው፣ ብዙ ሰውም ይመልሳል፣ ቦታ ሲከፈት ደሞ ስራሽን ስላየችው ስምሽን ለመጥራት አታፍርም።

ማስተርሱ። ዋጋው ክፍያው ብቻ አይደለም፣ በነዚያ ዓመታት ልታገኚው የነበረው ደሞዝና ልምድም ዋጋው ውስጥ አለ፣ ይሄን ለኢኮኖሚክስ ምሩቅ ማስረዳት ያሳፍረኛል። ስራ አጥነትን ለመሸሽ ከሆነ ማስተርስ የምትገቢው፣ ስትወጪ ያው ስራ አጥ ነሽ፣ ልዩነቱ አሁን «ለዚህ ቦታ ትምህርትሽ በዝቷል» የሚሉሽ ይጨመራሉ። ማዕከላዊ ባንክ የምርምር ክፍል፣ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር፣ ዓለም አቀፍ ተቋም ውስጥ ኢኮኖሚስት መሆን ከሆነ ህልምሽ ግን መንገዱ እሱ ነው፣ ያኔ ሂሳብሽን አጠንክሪ፣ ሊኒየር አልጀብራና ካልኩለስ ሳይዙ መግባት ራስን መቅጣት ነው። ላንቺ የምመክርሽ ግን፣ አሁን ህልምሽ እሱ ነው ስላላልሽኝ፣ መጀመሪያ ማንኛውም ዳታ የሚነካ ስራ ውስጥ ግቢ፣ የመጠይቅ ሰብሳቢነትም ይሁን፣ ጊዜያዊም ይሁን፣ እንደ ጄ-ፓል ያሉ የመስክ ጥናት የሚሰሩ ድርጅቶች ዳታ ሰብሳቢና ሪሰርች አሲስታንት ይቀጥራሉ፣ ብዙ ሰው በዛ በኩል ነው የገባው። ከዛ በኋላ ምን መማር እንደምትፈልጊ ስራው ራሱ ይነግርሻል።

ሞያ መቀየሩን ለአሁኑ አቆዪው። አካውንቲንግ ከወደድሽው መጨመር ትችያለሽ፣ ባላንስ ሺትና የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ማንበብ ብቻ ብትማሪ ራሱ ለክሬዲት ስራ ትልቅ ነገር ነው፣ ለዛ ግን ዲግሪ ድጋሚ መጀመር አያስፈልግሽም። ወንድምሽ ያኔውኑ ነግሬሽ ነበር ሲልሽ ደሞ ሰንክ ኮስት፣ አንዴ ወጥቶ የማይመለስ ወጪ፣ ነው በይውና ወደ ላፕቶፕሽ ተመለሺ፣ ካላወቀው እስኪፈልገው ድረስ ትንሽ ሰላም ታገኛለሽ።

ግሬዱን ረስቼው አይደለም። ማስታወቂያው ዝቅተኛ ግሬድ ጠቅሶ ከሆነና ያንን የምታሟዪ ከሆነ ጻፊው፣ ካልጠየቁ አትጻፊው፣ ባዶ ቦታ አይደለም የምትተዪው፣ እዛ ቦታ ላይ ኢኮኖሜትሪክስና ስታትስቲክስ ጥሩ ካመጣሽ እነሱን ለይተሽ አስቀምጪ። ከፍ አድርጎ መጻፍ የሚባለውን ነገር ግን እንዳትሞክሪው፣ ትራንስክሪፕት ይጠይቃሉ። ኢንተርቪው ላይ ለምን መካከለኛ ሆነ ቢሉሽ ረጅም ታሪክ አትጀምሪ፣ ቁጥሩን ንገሪያቸው፣ ከዛ «የሰራሁትን ላሳያችሁ» ብለሽ ሁለት ገጽሽን አውጪ፣ አትመሽ ይዘሽ ሂጂ ታዲያ፣ ስልክ ላይ ቻርት አይታይም።